ዳንቴል ስለለበሰው ላፕቶፕ

ለተከበሩ አቶ ቀመር
የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ሮቤ፣ ጥቅምት ፳፻፱ ዓ.ም.

የሳነቴ አምባ ብርድ የቢሮዎን በር አልፎ እንዳይደፍርዎ፣ ጤናዎም እንደተቀመጡበት ወንበር የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የካርታ ባለሙያው ኪዳነማርያም ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና በሆዴ ይዤ መቆየት ስላቃተኝ፣ ሕዝብም ይስማልኝ ብዬ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩. በቅድሚያ የመሬት ምዝገባ ፕሮጀክቱ ለቢሯችን ስለለገሰን ትልቅ ሞኒተር ምስጋናዬ ይድረስዎ። ገበሬው የማሳውን ወሰን ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ በዓይኑ አይቶ፣ ስህተት ካለ እንዲያሳርም የመጣ ነው። ወንዙ፣ አጥሩ፣ የጥዱ ጥላ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታይበታል ተብሏል። ተብሏል ማለቴ እኔ እስካሁን ስላላየሁ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

፪. ላፕቶፕ ሲገዛ ይህን ሞኒተር በሙሉ ጥራቱ የሚያሠራ እንዲሆን፣ የትኛው መሰኪያና ምን ያህል የምስል አቅም እንደሚያስፈልግ ዘርዝሬ አቅርቤ ነበር። ጥያቄዬ በግምገማው ላይ ኪራይ ሰብሳቢነት ተብሎ ሂስ ስለተደረገብኝ አመሰግናለሁ። እኔ እኮ የቸገረኝ መሰኪያ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የተበላሸው አመለካከቴ ኖሯል።

፫. የቢሯችን የንብረት ኮሚቴ ላፕቶፕ የሚታደለው በሥራው ዓይነት ሳይሆን በሥልጣን ደረጃ ነው ብሎ ስለወሰነ፣ ሞኒተሩን የሚችለው ብርቱው ላፕቶፕ ለእርስዎ ጠረጴዛ ደረሰ። ለካርታ ክፍል ደግሞ ያረጀ የፕሮጀክተር መሰኪያ ብቻ ያለው ምስኪን ተሰጠን። እሱን ከሞኒተሩ ጋር ስናገናኘው ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ሙሉውን ላሳይ ስል አጥሩ ይደበዝዛል፤ አጉልቼ ላሳይ ስል ጎረቤቱ ከስክሪኑ ይወጣል። የእርስዎ ላፕቶፕ ግን፣ ማሻአላህ፣ ከቤት የመጣ ዳንቴል ለብሶ ምቾቱ ተጠብቆለታል፤ አልፎ አልፎም ኳስ ያሳይዎታል።

፬. አሁን ወደ አዴ ሲምቦ ልምጣ። እኚህ የዲንሾ እናት ባላቸው የሞቱባቸው ሲሆኑ፣ ያለቻቸው በወንዙ ዳር ያለች የገብስ ማሳ ብቻ ናት። ባለፈው ማክሰኞ በሚኒባስ መጥተው ስክሪኑ ፊት ቆሙ፤ አጥራቸውን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት። ከአጥሩ ወዲህ ያለው የእሳቸው መሬት በካርታው ላይ ወደ ጎረቤት ተጠቃሏል፤ ስህተት ነው ለማለት ደግሞ ወሰኑን በጣታቸው ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። የገዛ ዓይናቸው የደከመ መስሏቸው እኔኑ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። እኔን ይቅርታ! አፈርኩ፣ ንድድም አልኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚህ ግን አጥሩን የነቀነቀው ላፕቶፕ ስለሆነ ማንንም አንወቅስም። የአቤቱታው ጊዜ ዓርብ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የይዞታ ደብተሩ ይታተማል፣ ገብሱም የሌላ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ዳንቴሉን ገፈው ላፕቶፑን ለዓርብ ብቻ ቢያውሱን፣ ሴትዮዋም መሬታቸውን ቢያዩ፣ ውለታዎ ከእኛ አልፎ ዲንሾ ድረስ ይወራል። በዚያን ቀን ኳስ እንደሌለም አጣርቻለሁ።

በግምገማ የተቃና አመለካከቴን ይዤ፣ ደረጃዬንም ዐውቄ፣ ከታችኛው ወንበር ሆኜ እጅ የምነሣዎ፣

ኪዳነማርያም
የካርታ ባለሙያ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ የአዴ ሲምቦ መሬት የተጠቃለለለት ጎረቤት ማን እንደሆነ ሳልገልጽ ቀርቻለሁ፤ ታናሽ ወንድምዎ አቶ ከሊል ናቸው። ይህን ቀደም ብለው ሰምተው ቢሆን ኖሮ፣ ላፕቶፑን ራስዎ ተሸክመው ያመጡልን እንደነበር ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም።