የጦርነቱን ማብቂያ ከወጥ ቤት የሰሙት ዶና አልዴኖራ

ዶና አልዴኖራ ፌይቶዛ ከአባታቸው ከከብት ጠባቂው ፊርሚኑ ፌይቶዛና ከእናታቸው ከዳንቴል ሠሪዋ ዙልሚራ በመጋቢት ወር 1922 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ በሴያራ ግዛት፣ ኪሻዳ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። እናታቸው ከወለዷቸው አሥራ አንድ ልጆች ካደጉት አራቱ አንዷ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መነኮሳት ዘንድ ገብተው ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ድርቁ የአባታቸውን ከብቶች ሲጨርስ ግን ትምህርታቸውን አቋርጠው በሰው ቤት ምግብ ማብሰል ጀመሩ።

በ1942 የጉድጓድ ቆፋሪውን ልጅ ኤክስፔዲቱ ሉሴናን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አገቡ። በሠርጋቸው የታረደው ፍየል በመንደሩ የቀረው የመጨረሻው እንደነበር ሲያወሩ ይስቁ ነበር።

በዚያን ጊዜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጃፓን የእስያን የጎማ ምድር በመያዟ፣ ለጦር መኪናና ለአውሮፕላን የሚያስፈልገው ጎማ ከአማዞን ደን እንዲመጣ ተወስኖ ነበር። የሴያራ ወጣቶች ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ፤ ወይ ግንባር ሄዶ መዋጋት፣ ወይ ደን ገብቶ የጎማ ዛፍ እየሰነጠቁ ወተቱን መልቀም። ኤክስፔዲቱ ደኑን መረጡ። ሚስት ይዞ መሄድ የሚፈቀደው ወደዚያ ብቻ ነበርና። የጎማ ወታደር ተባሉ። ከደኑ የጠፋ እንደ ከዳተኛ እንደሚረሸን፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም በነፃ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ተነገራቸው።

በ1943 አጋማሽ በአማዞን ደን ውስጥ ካለው ጁሩዋ ወንዝ ደረሱ። የደኑ ባለቤት አንፍሪዚዮ የሚባል ሰው ነበር። በአካባቢው የነበረው ሬዲዮ የእርሱ ብቻ ነበር፤ እሑድ እሑድ ጎማቸውን ሊያስረክቡ ለሚመጡት ሠራተኞች የጦርነቱን ወሬ ከደጃፉ ቆሞ የሚነግራቸው እርሱ ነው። ኤክስፔዲቱ ሳምንቱን በደን ሲከርሙ፣ ዶና አልዴኖራ በአንፍሪዚዮ ወጥ ቤት ያበስሉ ነበር። ሬዲዮው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ስለነበር ወሬውን ከሁሉም ቀድመው ይሰሙታል።

ድል በተነገረ ቁጥር ድግስ ይደገሳል። የሩሲያ ታንኮች በኩርስክ ሲያሸንፉ ዶና አልዴኖራ የወንዝ ኤሊ ወጥ ሠሩ። የአሜሪካና የእንግሊዝ ወታደሮች በኖርማንዲ ዳርቻ ሲወርዱ የደን አሳማ ጠበሱ። ፓሪስ ነፃ ስትወጣ የኤሊ እንቁላል ነበር። በየካቲት 1945 የራሳችን የብራዚል ልጆች፣ ደጋግመው ሞክረው ከተመለሱ በኋላ፣ ጣሊያን ውስጥ ሞንቴ ካስቴሎ የተባለውን ተራራ ሲይዙ አንፍሪዚዮ ያለውን አንድ በሬ አረደ። እነዚያ ሰዎች በደኑ ውስጥ የበሬ ሥጋ የቀመሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

በግንቦት 1945 ዶና አልዴኖራ ማኒዮክ የተባለውን ሥራ ሥር ሲልጡ ከግድግዳው ጀርባ ከሬዲዮው የሪዮ ከተማ ደወሎች ሲደወሉና ወሬ ነጋሪው ሲያለቅስ ሰሙ። በርሊን ወድቃ፣ ጀርመን እጇን ሰጥታ ነበር። አንፍሪዚዮ ሬዲዮውን አጥፍቶ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ።

«የሰማሽው ነገር የለም፤ ገባሽ?» አላቸው።

ጦርነቱ ካለቀ ሰዎቹን ወደ አገራቸው መመለስ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ አልነገራቸውም።

ኤክስፔዲቱ በወባ መመንመን የጀመሩት በዚያ ወቅት ነበር። ዶና አልዴኖራ በቀጣዩ እሑድ የሰሙትን ለባላቸው ነገሯቸው። ኤክስፔዲቱም የዋህ ነበሩና በሰው ሁሉ ፊት የደኑን ባለቤት ጠየቁት። አንፍሪዚዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ስሙ እንጂ! ምግብ አብሳያችን ሂትለርን ማርካ መጥታለች!»

ከዚያ ወዲያ የዶና አልዴኖራ ስም እንደ ጦር አዛዥ ማርሻል ሆኖ ቀረ። «ማርሻል፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ማረክሽ?» ይሏቸዋል ሰዎቹ ሳህናቸውን ሲያቀርቡ። ኤክስፔዲቱ ኀፍረቱ ስለከበዳቸው ለሳምንታት አላናገሯቸውም። ትኩሳታቸውን ይዘው ወደ ደኑ ተመለሱ።

አንፍሪዚዮ አዲስ ጦርነት መፍጠር የሚችል ሰው አልነበረም። አሮጌዎቹን ድሎች ስም እየለወጠ ደግሞ ያወራቸው ጀመር። በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ልጆቻችን ደጋግመው ሞክረው ከተመለሱ በኋላ በበረዶ ውስጥ ወጥተው አንድ ትልቅ ተራራ ያዙ ብሎ አበሠረ። ዶና አልዴኖራ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣

«ጌታዬ፣ ይህን ተራራ እኮ በልተነዋል» አሉት። «በበሬው ጊዜ።»

መጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። ቀጥሎ ግን በሬውን የረሳ ሰው አልነበረምና ሳቁን ትተው ወደ አንፍሪዚዮ ዞሩ። አንፍሪዚዮ አረቄ አስቀዳ። «ተራራ አንዴ ብቻ ነው እንዴ የሚያዘው?» አለ። አረቄው ሲዞር ሳቁም ተመለሰ፤ ያን ቀን ደኑን ትቶ ለመሄድ የተነሣ ሰው የለም። ዶና አልዴኖራ ግን ከወጥ ቤቱ ተባረሩ። ባልና ሚስቱን ጀልባ እንዳይጭናቸውም ተከለከለ።

በጥር 1946 ባላቸውን ራሳቸው በሠሩት የግንድ ታንኳ ላይ አስተኝተው ወንዙን ወረዱ። በሆዳቸውም ልጅ ነበር። በአንድ የወንዙ ጥምዝ ላይ ባንዲራ የሚውለበለብበት የወታደር ኬላ ታያቸውና መድኃኒት ለመለመን ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመሩ። ኤክስፔዲቱ እጃቸውን ያዟቸው።

«ኖራ፣ በእናትሽ! እኔን ይረሽኑኛል።»

«ጦርነቱ አልቋል አልኩህ እኮ!»

«ቢያልቅም ለእኛ አልተነገረንም።»

በዘንባባ ቅጠል እንዲሸፍኗቸው ለመኗቸው። ሸፈኗቸው። ኬላውንም አልፈው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ቅጠሉን ሲገልጡ ኤክስፔዲቱ ዐርፈው ነበር።

ብቻቸውን መቅበር ስላልቻሉ ወንዙን ሽቅብ እየቀዘፉ ወደ ኬላው ተመለሱ። አንድ ወታደር ዓሣ እያጠመደ ነበር። ከማን እንደሸሹ ሲነግሩት ግራ ገባው።

«ጦርነቱ ካለቀ እኮ ከርሟል፣ እህቴ» አላቸው። «የወባ ኪኒንም ሣጥን ሙሉ አለን። ምነው ትናንት ብትመጡ?»

መቃብሩን የቆፈረላቸው እርሱ ነው።

ዶና አልዴኖራ ማናውስ ከተማ ገብተው በዚያው ዓመት ሴት ልጃቸውን ኤክስፔዲታን ወለዱ። ዳግመኛ አላገቡም። በወደቡ ገበያ ምግብ እየሸጡ ልጃቸውን አስተማሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም አሳደጉ። የበሬ ሥጋ ግን ዳግመኛ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ለጎማ ወታደሮች ቤተሰብ ጡረታ በተፈቀደ ጊዜ፣ ባለቤታቸው የሞቱት በየትኛው ውጊያ እንደሆነ አንድ ጸሐፊ ሲጠይቃቸው፣ «ባለቀው ላይ» ብለው መለሱ። ጸሐፊው የቀለዱ መስሎት ሳቀ።

ከ2008 ጀምሮ በደም ግፊት ሳቢያ አልጋ ላይ ዋሉ፤ የሰውም ስም ጠፋባቸው። ክፍላቸው የገባውን ሁሉ፣ ሐኪሙንም ጭምር፣ «ጦርነቱ አለቀ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አልቋል ሲባሉ፣ «እንግዲያው ሂዱና ለኤክስፔዲቱ ንገሩት፤ እኔን አያምነኝም» ይሉ ነበር።

ዶና አልዴኖራ ኅዳር 14 ቀን 2009 በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። አንድ ሴት ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ሁለት የልጅ ልጅ ልጆች ትተዋል። ባለቤታቸው ያረፉበትን የወንዝ ዳር ውኃው ስለወሰደው ከጎናቸው ልንቀብራቸው አልቻልንም።

ሰላምን ከማንም የማይደብቅ አምላክ ነፍሳቸውን በክብር ይቀበልልን። ወሬውንም ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ናቸውና፣ ኤክስፔዲቱ በዚህኛው ጊዜ ይመኗቸው።