የመሪው ዘንግ

ሰኞ፣ ኅዳር ፱

አልነካሁትም። ከጠዋት ጀምሮ በጆንያ እንደተጠቀለለ ከደጃፍ ተቀምጧል። አንድ የድብ ባሕር ገበሬ ከገደሉ ሥር ሲያርስ አግኝቶ በበቅሎ አመጣልኝ። «ማረሻ ላስቀጠቅጠው ነበር። ኋላ የሟቹ ወንድም ጎንደር አለ አሉኝ» አለ። ውሃ ሰጠሁት። ጠላ መስጠት ነበረብኝ።

ወንድሜ አበራ ከሁለት ዓመት በፊት ይዞት ገደል የገባው ካሚዮን የመሪ ዘንግ ነው። ሁለት ክረምት ጭቃ ውስጥ ከርሟል። ዘንጉን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ የሚታሰርበት ጫፍ ጡጫ የሚያህል የዝገትና የአፈር ጓል ሆኗል። ዳዶው ከውስጥ ይኑር አይኑር አይታይም።

በግልጽ ልጻፈው። ዘንጉን የገጠምሁት እኔ ነኝ። ዳዶውን አጠበቅሁ። እንዳይፈታ በጫፉ ቀዳዳ የሚያልፈውን መቆለፊያ ሽቦ ማስገባቴን ግን አላስታውስም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ እጄን ወደዚያ ቀዳዳ እሰዳለሁ። ሽቦ ይያዝ ባዶ ይሁን አይታየኝም።

ዳዶው ከሌለ፣ መንገድ ላይ ተፈትቶ ወድቋል፤ ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ። ዳዶው ካለ ከተማው የሚለው ይሆናል፦ ሾፌሩ ጠጥቶ ነበር።

ቅዳሜ ሁለተኛ ሙት ዓመቱ ነው። ቀሐ፣ ከሚስቱ ከየሺ ቤት እሄዳለሁ። አምና ምንም አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲

መዶሻ አንሥቼ ሳለ አያ ኑሩ ደረሰ። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ ከአበራ ወዲህ መፍቻ አልያዝሁም፤ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ እጽፋለሁ።

«ምነው! በመዶሻ ብትለው ያለውንም የሌለውንም አብረህ ታጠፋዋለህ» አለ። ዝገቱ በባትሪ ይጠራል አለ። የሚያስፈልገው፦

አፉ የተሰበረ እንስራ።
የወይራ አመድ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ የጠለለ።
ያረጀ ማረሻ።
ሁለት ሽቦ።
ባትሪ። እሱ ከወፍጮ ቤቱ ሞተር አስሞልቶ ያመጣል።

«የመደመር ምልክት ካለበት ማረሻውን፣ የመቀነስ ምልክት ካለበት ዘንጉን ታሥራለህ። በውሃው ውስጥ እንዳይነካኩ። ማረሻው ይበላል፣ ዘንጉ ይጠራል። ከገለበጥኸው ግን የሚበላው ዘንጉ ነው። እሳትም አታስጠጋ።»

አመዱን ዘፈዘፍሁ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩

ጠዋት ባትሪው መጣ። ብቻዬን አሠርሁት። ውሃው እንደሚፈላ ድስት ተንፈቀፈቀ፤ ቀዝቃዛ ነው ግን። ሥራ ሄድሁ። ስመለስ ውሃው ቀይ ሆኗል።

አያ ኑሩ ወደ ማታ መጥቶ ጎንበስ አለና ሽቦውን መነጨቀው።

«ታዬ! ገልብጠህ አሥረኸዋል እኮ! አረፋው ከማረሻው ላይ ነው!»

«አላየሁትም።»

«ሃያ ዓመት ባትሪ ያሠረ ሰው? ዓይንህ ነው ወይስ ልብህ?»

ሽቦዎቹን ሳስር ምልክቶቹን አይቻለሁ። ማየቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ያደረገውን አላስታውስም፤ ዘንጉን እንደገጠምሁበት ቀን።

ዘንጉ ከአንድ ጎኑ ትንሽ ተቦርቡሯል። ጓሉ ገና ስላልተነሣ ጫፉ ተርፏል። አያ ኑሩ ራሱ አስተካክሎ አሠረው። «የአመድ ውሃው አያቃጥልህም?» አለኝ። ጣቶቼ ተሰነጣጥቀዋል። የሌላ ሰው ጣቶች ይመስላሉ። አያቃጥልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪

ሚካኤል ነው። ሥራ የለም። ከእንስራው አጠገብ ተቀመጥሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አንጓች ከደብሩ ስትመለስ ቆመች።

«ምነው አያ ታዬ፣ በሚካኤል ቀን ምን እየሠራህ ነው?»

«እኔ ተቀምጫለሁ። የሚሠራው እሱ ነው።»

«አዬ! እንግዲያ ሚካኤል የሚቆጣው እንስራውን ነዋ!» ብላ ሳቀች። ከጠበሉ ሰጥታኝ ሄደች።

ማረሻው እየሳሳ ነው። ጓሉ ጠቁሮ ለስልሷል። በጣቴ ብገፋው ይነሣል። አልገፋሁትም። ነገ አያ ኑሩ ሲኖር ይሁን።

አንዱን ምረጥ ብባል የትኛውን እመርጣለሁ? እኔ ጥፋተኛ ብሆን አበራ ይነጻል። ይህን ብዬ ጻፍሁ፤ ትናንት ሽቦውን የገለበጠው እጅ ግን እንዲህ አላለም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፫

አያ ኑሩ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣ። በጨርቅ ጠረገው። ጓሉ እንደ ጥቁር ጭቃ ተልጦ ወረደ።

ዳዶው አለ።

ተቀመጥሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ያንተ እጅ አይደለም» አለ። እንግዲያ ጠጥቶ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ደስታም ሐዘንም አልመጣም። ዝንብ በዘንጉ ላይ ስትሄድ አየሁ።

ከዚያ አያ ኑሩ ዘንጉን አነሣ። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ «ይሄ ያንተ ነው?» አለኝ።

በቀዳዳው ያለፈው ሽቦ አይደለም። የቤት ሚስማር ነው፤ ባለ ቆብ፣ ጫፉ በድንጋይ ተመትቶ የተቆለመመ። እኔ በዕድሜዬ መሪ ላይ ሚስማር አስገብቼ አላውቅም።

ስለዚህ ሽቦውን አላስገባሁም። ረስቼዋለሁ። ሌላ ሰው አይቶታል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬

ቀሐ ዋልሁ። ካህናቱና እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ዘንጉን ከጆንያው አውጥቼ ከየሺ ፊት አስቀመጥሁ። ሚስማሩን አየችው። አልነካችውም። ተነሥታ ከበሩ ጎን፣ ግድግዳው ላይ ያለ ቀዳዳ አሳየችኝ።

«ጋቢውን የሚሰቅልበት ነበር» አለች። «ያን ዕለት ሊወጣ ሲል ከማኪናው ሥር ገብቶ ወጣና ይሄን ሚስማር ነቀለው። ምነው ብለው፣ ‹አያ ታዬ ረስቶት ነው፤ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል› አለኝ።»

«ሁለት ዓመት ዝም አልሽ?»

«አትንገሪው ብሎኛላ።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«አበራ? ለድብ ባሕር መንገድ? ሽንት ያስቆመኛል ብሎ ውሃ እንኳ የማይጠጣ ሰው!» ልትስቅ ነበር፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች።

«ታዲያ ምን ጣለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ? ጉም ነበር ይላሉ።»

በቀዳዳው ላይ ዛሬም ሌላ ሚስማር አልተመታበትም። ጋቢው ተጣጥፎ ከሣጥን ላይ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፭

ጾም ገባ። ዘንጉን ከየሺ ዘንድ ተውሁት። ሚስማሩን ልንቀልልሽ ብላት፣ «ይዞ የለ፤ ተወው» አለች።

አያ ኑሩ ባትሪውን ወሰደ። ማረሻው እንደ ቅጠል ሳስቶ ተበሳስቷል። ወርውሬው መልሼ አነሣሁት።

ጉም ይሁን፣ እንቅልፍ ይሁን፣ መንገዱ ይሁን አላውቅም። ከዘንጉ የሚገኘው ይኸው ነበር። ረስቼ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር፤ ከኔ ደብቆት ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እንስራውን ላጥብ የቀረውን የአመድ ውሃ ደፋሁ። አተላውን ለማውጣት እጄን ሰደድሁ። ጣቶቼን አቃጠለኝ። ወዲያው አወጣሁት።