በሁለት መንግሥታት ግድግዳ የተሰቀለው ፊቴ

ቀን፦ 11/7

ለአጎራባች መንግሥታት የጋራ የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጋራ ፖስተሩ ላይ የወጣውን ፎቶግራፌን ይመለከታል

እኔ አመልካች በዚህ የድንበር ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ልብስ በመስፋት የምተዳደር የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ። ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። መጠጥም ቢሆን ሁለተኛው ብርጭቆ እንቅልፍ ስለሚያመጣብኝ ከአንድ አላልፍም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፌ ክቡርነትዎ ፊቴን ስለሚያውቁት ነው። በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጎን፣ በቁመቴ ልክ ተሰቅያለሁ።

1. ሁለቱ መንግሥታት አደንዛዥ ዕፅን በጋራ ለመከላከል ሲፈራረሙ፣ የመፈራረሚያውን ጠረጴዛ ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ትእዛዙ ጨርቁ በሁለቱም ወገን እኩል እንዲወርድ ነበር፤ በአንዱ በኩል በጣት ቢያጥር ንቀት ይሆናል ተብሎ። ስለዚህ በዋዜማው አዳራሹ ውስጥ ተንበርክኬ ጠርዙን እያስተካከልኩ ነበር። መንጋጋ ጥርሴን የተነቀልኩት በዚያው ሰሞን ስለሆነ ጉንጬ አብጦ ነበር። ዓይኔም እንቅልፍ ካየ ቆይቶ ነበር።

በዚያው አዳራሽ ለፖስተር የሚሆን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ነበሩ። ሱሰኛ ሆኖ ሊነሣ የተዋዋለው ተዋናይ፣ ፖስተሩ በሁለቱም አገር እንደሚሰቀል ሲሰማ ሳይመጣ ቀረ። ብልህ ሰው ነው። የጽሕፈት ቤትዎ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ስልክ ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ። ፊትዎን ምንም አያድርጉት፤ እንዳለ ጥሩ ነው።»

ለአገር ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

2. ፖስተሩ «ትናንት» እና «ዛሬ» የሚባሉ ሁለት ሥዕሎች እንደሚኖሩት ተነግሮኝ ነበር። እብጠቱ ሲጎድል ታጥቤ፣ ሱፍ ለብሼ፣ «ዛሬ»ንም እኔው እንደምነሣ ቃል ተገባልኝ። ሱፉንም ሰፋሁ። ነገር ግን በስምምነቱ መሠረት ሥራው እኩል መከፈል ስላለበት፣ «ትናንት»ን የእኛ መንግሥት፣ «ዛሬ»ን ደግሞ የጎረቤት መንግሥት እንዲያቀርብ ተወሰነ። እነሱ የራሳቸውን ሰው አመጡ። ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥርሱ ያልጎደለ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። በዚህ ዓይነት በሽታው ከእኛ፣ ጤናው ከእነሱ ሆነ። ደንበኞቼ ቁመት ጭምር የሚጨምረው ሕክምና የት እንደሚሰጥ እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል።

3. ከፖስተሩ ግርጌ «እንዲህ ያለ ሰው ሲያዩ ይጠቁሙ» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር አለ። ሕዝባችን መመሪያ አክባሪ ነው፤ ጠቆመ። ከጠቋሚዎቹ አንዷ የልጆቿን የተማሪ ቤት ልብስ ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ ናት። በእጄ መርፌ፣ በጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ዱቄት ማየቷን ለፖሊስ ተናግራለች። ሁለቱንም አይታለች፤ አልዋሸችም። ዱቄቱ ጨርቅ ላይ የማሰምርበት ጠመኔ ብናኝ ነበር። ፖሊስ ጠመኔውን ወሰደው። መመርመሪያው የሚገኘው በጎረቤት አገር ስለሆነም ወደዚያ ተላከ። ጠመኔ መሆኑ ተረጋግጦ መልስ መጣ፤ ጠመኔው ግን አልመጣም። አሁን በሳሙና ስባሪ ነው የማሰምረው።

4. ታላቋ ልጄ የታጨችው ከማዶ ላለ መካኒክ ነው። የሠርግ ሱፉን ልክ ልወስድ ድንበር ስሻገር፣ የማዶው ጠባቂ ፊቴን አየ፤ ዞሮ ግድግዳውን አየ፤ ወንበር አቀረበልኝ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ውኃ ቀድቶ ሰጠኝና «አይዞዎት አባባ፣ ከእርስዎ የባሱም ድነዋል» አለኝ። ከዚያ ስምምነቱ እንደሚያዝዘው ለእኛ ጠባቂ በፊርማ አስረከበኝ። የእኛውም ዙሪያዬን አይቶ፣ ጉድለት እንደሌለብኝ አረጋግጦ፣ በፊርማ ተረከበኝ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል እስካሁን ሳይዘገይና ሳይጎድል የተላለፈ ነገር ቢኖር እኔ ሳልሆን አልቀርም። የሙሽራውን ሱፍ በግምት ሰፋሁት።

5. ጭንቀቴ ግን ስለ ሱፉ አይደለም። የሙሽራው እናት በማዶው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናቸው። ፖስተሩ የተሰቀለው ከክፍላቸው በር ትይዩ ነው። በወጡ በገቡ ቁጥር የልጃቸውን የወደፊት አማት ያያሉ ማለት ነው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ልጄንም አልጠሏትም። በልጃቸው በኩል የላኩብን ቃል «ልጅቷን እንወዳታለን። አባትየው ሲሻላቸው ይሁን» የሚል ነው። እንግዲህ የልጄ ሠርግ እኔ ካልያዘኝ በሽታ እስክነሣ ድረስ ቆሟል።

ልጄም ይህን ሰማች። አንድ ጠዋት መቀሱን ከእጄ ወሰደችና «አባዬ፣ በሞቴ፣ እንደምንም ብለህ ዳንልኝ» አለች። ከምኑ ነው የምድነው ብላት «እኔ ምን አውቄ፤ ከያዘህ ነገር» አለችኝ። ሚስቴ ዕድሜዋን አብራኝ የኖረች ሰው ናት። ሆኖም ኮቴን ከመስቀሏ በፊት ኪሱን መዳበስ ጀምራለች። ምን ፈለግሽ ስላት «አዝራር» ትላለች።

6. ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ፖስተሩ እንዲነሣልኝ ያላመለከትኩበት ቢሮ የለም። የእኛው ወገን የጋራ ንብረት ስለሆነ ያለ ማዶዎቹ ፈቃድ አይነካም አለኝ። ማዶዎቹ ያለ እናንተ ፈቃድ አይነካም አሉኝ። ሁለቱ የሚገናኙበት ጉባኤ ባለፈው የተበተነው፣ ቀጣዩ በየትኛው አገር ይሁን በሚለው ላይ ሳይስማሙ ነው። ወደ ከተማችን የሱሰኞች ማገገሚያ ሄጄ ከሱስ ነጻ መሆኔ እንዲመሰከርልኝ ብጠይቅ፣ ሐኪሙ በትሕትና አስረዱኝ፦ «እኛ የምንሰጠው ‹አገግሟል› የሚል ብቻ ነው። ታመው ያውቃሉ?» አላውቅም አልኳቸው። «ታዲያ ከምን አገገሙ እንበል?» ብለው ወደ ተከታዩ ባለጉዳይ ዞሩ።

7. ለፖስተሩም ፍትሕ ልስጠው። በመናኸሪያው «ቶሎ ቶሎ» የምንለው ተሸካሚ አለ። ከማዶ ይገባል የሚባለውን ኪኒን፣ ማዶዎቹ ደግሞ ከእኛ ይገባል የሚሉትን፣ መዋጥ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። እሱን የጠቆመው የለም፤ ፖስተሩን አይመስልማ። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመና «ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት አድርገው ወጡ?» አለኝ።

አልገባሁበትም ልለው አፌን ከፈትኩ። የበሩን መቃን የያዘበትን አኳኋን አየሁና ተውኩት። ና ብዬ ወደ ማገገሚያው ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ እኔን ሲያዩ ወረፋ እንኳ አልጠየቁንም። አሁን አልጋ ይዟል። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ ሾርባው ቀጠነ ብሎ ከወጥ ሠሪዋ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። ሐኪሙ ደግ ምልክት ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም እየመጡ የሱቄ በር ላይ ይቆማሉ። እነዚህን ሰዎች ፎቶው ውሸት ነው ብዬ መመለስ አልቻልኩም።

8. ባለፈው እሑድ የሙሽራው እናት ራሳቸው ተሻግረው ሱቄ መጡ። የልጄን ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ነበር። ተቀምጠው እጄን ብቻ ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ «እጅዎ ጸንቷል። በጣም ተሽሎዎታል» አሉኝ። «እኔ እኮ ድሮውንም...» ብዬ ስጀምር ልጄ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ሴትዮዋ ዕንባቸውን ጠረጉ። «ባሌ ይህን ያህል ጠንካራ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር» ብላ ሚስቴም አብራ አለቀሰች።

ለእሳቸው ይህ በቂ ነው። የባላቸው ወንድሞች ግን ማኅተም ይፈልጋሉ። ሴትዮዋም «ማኅተም ያለው ነገር ብቻ ያምጡልኝ እንጂ በተቆረጠው ቀን እንድራቸዋለን» ብለውኛል። የተቆረጠው ቀን የሚቀጥለው ወር መግቢያ ነው።

ስለሆነም፦

ሀ. ንጹሕ መሆኔን ገልጬ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በሙሉ እንዳልቀረቡ ይቆጠሩልኝ።

ለ. ፖስተሩ ባለበት ይቆይ። የመጠቆሚያው ስልክ ቁጥር ግን በማገገሚያው ስልክ ቢተካ፣ ሰዎቹ እኔን ከሥራ ሳያስፈቱ በቀጥታ መደወል ይችላሉ።

ሐ. በክቡርነትዎ ፊርማና በሁለቱም መንግሥታት ማኅተም «በፖስተሩ ላይ የሚታየው ሰው ድኗል» የምትል አንዲት መሥመር ትጻፍልኝ።

ያልታመመን ሰው ድኗል ብሎ መጻፍ እንዴት ይሆናል ይሉ ይሆናል። ያልታመመን ሰው ታሟል ብሎ ለማተም የማንም ፈቃድ አላስፈለገም ነበር። ልጄ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከመስተዋት ፊት ቆማ፣ የእርስዎን መልስ ትጠብቃለች። ሕመሙ ሳይደርሰኝ ቀርቷል፤ መዳኑ እንኳ አይቅርብኝ።

ከትሕትናና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የመናኸሪያው ልብስ ሰፊ፣ የሙሽራዋ አባት

ግልባጭ፦ ለማንም እንዳይደረግ። በተለይ ለማዶው ጤና ጣቢያ።