የጾም ነው ያልኩት ቢራ

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1 ሰ.

ዛሬም ብስኩት ሳነብ ዋልኩ። እዚህ ሰው አገር፣ ስካይዌይ በሚሉት ሰፈር ሱቅ ውስጥ ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ፓኬት እያነሳች ታቀብለኛለች፤ እኔ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ ጀርባውን አነባለሁ። ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ካለበት ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ከሌለበት “ጾም ነው” እላለሁ፣ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛ የተማርኩት ት/ቤት ሳይሆን ከዕቃ ጀርባ ላይ ነው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር የቤተሰቡ ሊቅ እኔ ነኝ። ደብተር፣ አትሳቅብኝ።

ከሰዓት ልጇን ሊያን ነዘነዝኳት። እዚሁ ሶዶ የሚሉት ሰፈር አዲስ ቢራ መጥመቂያ ቤት ተከፍቷል፣ ውሰጂን አልኳት። ስምንተኛ ወሯ ነው፣ ሆዷ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው። “አንክል፣ ፕሊስ እናቴን እንዳታሰክራት!” ብላ ፓርክ አደረገች። እሷ ውሃ ያዘች። ለእኛ የፍራፍሬ ኮምጣጣ ቢራ መጣ።

መልኩ የማንጎ ጭማቂ። ሽታው የበሰለ ዘይቱን። ስጎነጨው እንደ ሎሚ መንጋጋዬን ጨመደደኝ። ቀጥሎ ማንጎው መጣ። መጨረሻው ግን ወፈር፣ ለስለስ ብሎ ምላሴ ላይ ተኛ። ወደድኩት።

እትዬ አልነካችም። ይሄ ነገር ጾም ነው ወይ አለች። ገብስና ማንጎ ከመቼ ወዲህ ቀንድ አበቀሉ አልኳት። ሳቀችና ቀመሰች። “ወይ ጉድ! ይሄማ የተማረ ጠላ ነው” አለች። ስድስት ቆርቆሮ ገዝቼ ቤቷ አደረስኩላት።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ፣ ከሥራ በኋላ

ከኤርፖርት ሥራዬ እንደወጣሁ እትዬ ኮል አደረገች። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር አንድ ትጠጣለች፤ ሆዴን አቀናልኝ ትላለች። ሊያልቅ ነው፣ ሌላ ይዘህ ና።

ዴ ሞይን ቤቴ አጠገብ ካለው ሱቅ ገዛሁ። ኩሽና ውስጥ እንደ ልማዴ ገልበጥ አድርጌ አነበብኩ። ገብስ። ማንጎ። ዘይቱን። ታች፣ በጉንዳን ፊደል፣ የወተት ስኳር።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። ያ ምላሴ ላይ የተኛው ወተት ኖሯል።

የራሴ ጾም ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። የእትዬ ግን ስለት ነው። ሊያ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። እትዬ ለእመቤታችን የተሳለችው፣ የአሁኑን በሰላም ካገላገልሽልኝ ዘንድሮ ሁዳዴን የፍስክ ጠብታ አፌ ሳይገባ እጾምልሻለሁ ብላ ነው። ይህን እያወቅሁ ስድስት ቆርቆሮ በእጄ ተሸክሜ ጀርባቸውን አላየሁም። አፌ ዓይኔን ቀደመ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ነገርኳት፤ በስልክ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “ደግሞ ጀመረህ! ነገ እንቁላል አለበት በለኛ!” ሳቋ ሳል አመጣባት። ማልኩላት፣ ባሰባት። ምን ታድርግ? አምና ዘይቱ የበሬ ሞራ አለበት ብዬ ሙሉ ድስት ሽሮ አስደፍቻታለሁ። ሆዴን ይዤ ስስቅ ነው የያዘችኝ።

ሶ፣ ደብተር፣ ነግሬያለሁ አይደል? ከደሙ ንጹሕ ነኝ አይደል? ዝም በል።

መጋቢት 15፣ እሑድ፣ ቀን 8 ሰ.

ሊያ ሆስፒታል ገባች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ዶ/ሩ ከአልጋ እንዳትወርድ ብሏታል። የልጁ ልብ ይመታል፣ ግን ሐኪሞቹ እየተከታተሉት ነው።

ኮሪደሩ ላይ እትዬን ከጀርባዋ ደረስኩባት። ግድግዳውን ይዛ ትጸልያለች። “ምን አጎደልኩብሽ? ንገሪኝ፣ ምን አጎደልኩብሽ?” ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። አሳንሰር ውስጥ ቁልፍ ሳልነካ ቆሜ ቀረሁ። እናት የጠጣችው ቢራ የልጅን ደም ግፊት ከፍ አያደርግም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ወደ እትዬ አልተመለስኩም።

መጋቢት 16፣ ሰኞ፣ ረፋድ 5 ሰ.

መኪና ውስጥ ነኝ፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ።

ቆርቆሮውን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ኮሪደር ወንበር ላይ ናት። እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ፊቴን አየች፣ ረጅም ጊዜ። “አንብብልኝ” አለች። በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩላት። የወተቱን ሁለቴ አነበብኩላት።

አንዲት ነርስ ሁለት ጊዜ አለፈች።

“ስድስቱንም ጠጥቻለሁ” አለች። አዎ አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ስጀምር እጇን አነሳች። የስለቱን ነገር እሷ ከነፍስ አባቷ ጋር ትጨርሰዋለች። እኔ ለሊያ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ ኮሌታዬን ያዘች፤ ስትይዘኝ ከልጅነታችን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

“ይህን ፊትህን ይዘህ እንዳትገባባት። አንተ ካልቀለድክ ልጄ የምትሞት ይመስላታል። ሂድ፣ ፊትህን ታጠብና አስቂያት።”

ታጠብኩ። እዚህ ከተቀመጥኩ ሩብ ሰዓት ሆነኝ። በሰው ሁሉ የቀለድኩ ሰውዬ፣ ዛሬ አንድ ቀልድ አጣሁ። ስለ ቄስ አይሆንም። ስለ ምጥ አይሆንም። ስለ ሆድም አይሆንም። ኦኬ፣ እዚህ ልሞክረው፣ ደብተር፣ አንተ ላይ። አንድ አህያ ነጋዴ ነበር አሉ። አህያዋን ገበያ ሊሸጥ ሲነዳት፣ መንገድ ላይ ሚስቱ… ቆይ ደብተር፣ የቀረውን ገብቼ ለሊያ ልጨርሰው።