ደፋሩን ወንድሜን ስለምትሸልሙልኝ

ይድረስ ለተከበሩ የኪነ ጥበብ ሽልማት ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሳንባዎ፣ ጉሮሮዎ፣ በተለይም ምላስዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሚታዘዝ ምላስ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚነግርዎ የለምና። እኔ ሕዝቡ «ምላጩ» የሚለው የመድረክ ቀልደኛ ታላቅ እህት ነኝ፤ ያቺ ተንተባታቢዋ። በወረቀት ላይ ግን አልንተባተብም፤ ስለዚህ ሳይቸኩሉ ያንብቡኝ።

ቦርድዎ በመጪው ቅዳሜ ለወንድሜ «የዓመቱ ደፋር አንደበት» የተሰኘውን ዋንጫ ሊሰጥ እንደሆነ የሚገልጸው፣ ዋንጫውንም እኔው አስረክቤ ጥቂት ቃላት እንድናገር የሚጠይቀው ጥሪዎ ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ወንድሜ ሙያውን የጀመረው ጥርሱን ሳይነቅል፣ በቤታችን ሳሎን ነው። ለእንግዳ ሻይ ሳቀርብ ከኋላዬ «እ... እ... እንኳን ደ... ደ... ደኅና» እያለ ይከተለኝ ነበር። አባታችን እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ እናታችን ጓዳ ጠርታ ዝም አይነቅዝም ልጄ ትለኛለች። ዝም አልኩ። ይኸው ነቀዘ።

፪. በጥሪዎ ላይ «ማንንም ያልፈራ» ብለውታል። እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ስለ ምክትል ከንቲባው ቦርጭ ቀልዶ ነበር። ተጠርቶ ሄደ፤ በማግስቱ በቴሌቪዥን ቀርቦ ቦርጩ የልማት ምልክት መሆኑን ካስረዳ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በሳምንቱ ወደ እኔ ተመለሰ። እኔ ቢሮ የለኝ፣ ጠርቼ አላስፈራራው! የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት እንዲህ ነው። ጋዜጦችም ወሰን አለፈ፣ አላለፈም እያሉ ሲከራከሩ የታለፈው ወሰን እኔ መሆኔን ያስተዋለ አልነበረም።

፫. በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ፤ ይቅርታ፣ እሠራ ነበር። በመስኮቴ በኩል የታካሚ ስም እጠራለሁ። ስም እምቢ ሲለኝ ትንፋሼን ሰብስቤ እንደገና እጀምራለሁ፤ ታካሚዎቼም ለምደውኝ ይጠብቁኝ ነበር፤ በእኔ የተነሳ ተራው ያለፈበት ሰው የለም። ከዚያ ምላጩ «እህቴ የበሽተኛውን ስም ጠርታ እስክትጨርስ ሰውዬው ሞተ» የሚለውን ቀልድ ለቀቀ። አገር ሳቀ። እርስዎም ከፊት ወንበር ጉልበትዎን እየመቱ ሲስቁ በቴሌቪዥን አይቼዎታለሁ፤ ሲስቁ ያምርብዎታል። በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ጎረምሳው ሁሉ በእኔ ድምፅ ይጠራራ ጀመር። አንዲት እናት እንኳ የታመመ ልጇን እንዳቀፈች፣ ስሙን ስጠራላት ሳቋ አላስችል ብሏት ፊቷን አዞረች። ኃላፊያችንም ለክብርሽ ስንል ብለው ወደ መጋዘን አዛወሩኝ። አሁን የምጠራው ሰው የለኝም፤ ካርቶን እደረድራለሁ። መስኮቴን እወዳት ነበር፣ ክቡር ሆይ። ቆሽቴ አሯል፤ ይህን በጨዋ አማርኛ የምልበት መንገድ አጣሁ።

፬. ያንን ቀልድ ተውልኝ ብዬ ወንድሜን በአፌ፣ እየተንተባተብኩ ለመንኩት። አቅፎ ሳመኝ። በሳምንቱ ልመናዬም መድረክ ላይ ወጣ።

እንግዲህ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ድፍረት ተብሎ ዋንጫ ሲሰራለት ላየሁበት ዘመን፣ ዘመኑንም ላመቻቹት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዋንጫውም ጠንካራ እጀታ እየተመኘሁ፣ ከካርቶኖቼ መካከል ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የወንድሜ ሥራዎች በሙሉ የተሠሩብኝ፣
እኔ እህቱ

ማሳሰቢያ፦ ጥሪዎን በደስታ ተቀብያለሁ። የመደቡልኝ ሁለት ደቂቃ ግን አይበቃኝም። ቅዳሜ ዋንጫውን እንደያዝኩ ይህን ደብዳቤ ከ«ክቡር ሆይ» ጀምሬ በራሴ ድምፅ፣ በራሴ ፍጥነት አነበዋለሁ፤ የመጨረሻዋን ቃል ሳልጨርስም ዋንጫውን አልለቅም። መሳቅ የሚፈልግ ፊት ለፊቴ ይሳቅ። ወንድሜም አጠገቤ ቆሞ ይጠብቃል፤ ደፋር አይደል! እርስዎም አይዞዎት፤ እኔ ተናግሬ እስክጨርስ የሞተ ሰው እስከ ዛሬ የለም።