ኩፍኙ አልሄደም ነበር

አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ ነስሩዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ይኸው ሁለተኛው አረፋ አለፈ። አባዬ የበርበሬ ሱቁን መልሶ ከፍቷል፤ እማዬ ናት ግድ ያለችው። መንታህ ሰብሪ ቁመቱ ረዝሟል። እማዬ ያንተን ጃኬት ልታለብሰው ብትሞክር እጅጌው አጠረው፤ አጣጥፋ መለሰችው።

መድረሳ ውስጥ ቁርኣን ካንተ ቀድሞ የሚቀራ አልነበረም። አንድ ቀን ኡስታዝህ ሱቅ ድረስ መጥተው “ልጅህ የመጀመሪያዋ ሱራ፣ ፋቲሃ እንኳ ጠፋችበት” ሲሉ አባዬ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ መንገድ ላይ ትወድቅ ጀመር። ከዚያ ማንም ሳይነካህ፣ ቁጭ ባልክበት ሰውነትህ እየደጋገመ ብርግግ ይል ጀመር። ቡታጅራ ሙሉ ጂኒ ነው አለ።

አዲስ አበባ ወሰድንህ። ሐኪሟ ጭንቅላትህ ላይ ሽቦ ለጥፋ መረመረችህና፣ “በሕፃንነቱ ኩፍኝ ይዞት ነበር?” ብላ ጠየቀች።

“ሁለቱንም ባንድ ሳምንት ነው የያዛቸው፤ ግን እኮ ድነዋል” አለች እማዬ።

ኩፍኙ አልሄደም ነበር። ቫይረሱ ለዓመታት አንጎልህ ውስጥ አድፍጦ ኖሯል። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ፣ የሚያድን መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው አለችን። አካሄዱን እንድታጠና በየጊዜው እንድናመጣህ ለመነችን። አባዬ “ለሌላ ልጅ ከጠቀመ” ብሎ ፈቀደ።

በሄድን ቁጥር አንተን መርምራ ቀጥሎ የሚመጣውን ትነግረን ነበር። እግሩ ይከዳዋል አለች፤ ከዳህ። ማየት ያቆማል አለች፤ እጄን ፊትህ ላይ ባወዛውዝ ዓይንህ አልተከተለኝም። አባዬ መጠየቅ ተወ። እኔ እስከ መጨረሻው ጠየቅኳት፤ የነገረችኝም ሁሉ ሆነ።

አሁን ሐኪሟ የምታየው ሰብሪን ነው። እስካሁን ምንም አላገኘችበትም። “አይመጣበትም ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም” አለችኝ። እማዬ ሲበላ እጁን፣ ሲራመድ እግሩን ታያለች። ትናንት ምሳ ላይ ብርጭቆው ከእጁ አመለጠ። “እጄ ርጥብ ስለሆነ ነው” ብሎ ሳቀ። ማናችንም አልሳቅንም። ስብርባሪውን እየለቀምኩ አንገቴን ቀና አድርጌ ሳየው፣ ትከሻው ትንሽ ነቅነቅ ያለ መሰለኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ።

ነስሩዬ፣ የሚመጣውን ደረጃ በደረጃ አውቀዋለሁ፤ ያወቅሁት ካንተ ነው። አንተን ግን በበሽታህ አላስታውስህም። በብስክሌት ቁልቁለቱን እጅህን ለቀህ ስትወርድ፣ “ሰሚራ፣ እይኝ!” እያልክ ስትጮህ ነው የማስታውስህ። በሕይወት እስካለሁ አይሃለሁ።

እህትህ ሰሚራ