መሪው በቀኝ ነው

ጥር 1፣ ረቡዕ፣ ከምሳ በፊት

ስድስተኛው የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ላይ ነኝ። የቁልፍ መትከያው ማሽን ዛሬም አኩርፏል፤ በእጄ እየተከልኩ ነው። ከ. ጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። መኪና ሊያይ። ትናንትም ሊያይ ነበር። ከትናንት ወዲያም። እኔን ለማግባት እንኳ እንዲህ አልዞረም፤ አንድ ቀን አየኝ፣ በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ።

አዲስ ነሽና ላስረዳሽ፣ ደብተሬ። ከ. ማለት ባሌ ከድር ነው። የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ይጠግናል። አዲጋላ፣ ኤረር፣ ደገሀቡር፣ ፓምፕ የቆመበት ሁሉ ይጠሩታል። የጭነት መኪና ለምኖ ይሄዳል፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ ከሳምንት በኋላ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ልጆቹ እያሉ ብዙም አይታወቀኝም ነበር። አሁን ኢክራም ድሬዳዋ አግብታለች፣ ነጂብ አዲስ አበባ ነው። ለአንድ ሰው ሽሮ መሥራት ሰልችቶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ቀን ያስለቅሰኛል።

ባለፈው ወር ታዲያ ድንገት፦ አሮጌም ቢሆን ባለ ፎርዊል ቫን እንግዛ አለ። ግማሹ ለፓምፕና ለቱቦ፣ ግማሹ ለፍራሽ። አንቺም አብረሽኝ ትሄጃለሽ አለኝ። ድገመው አልኩት። ደገመው። ጅግጅጋ ተወልጄ ጅግጅጋ ያረጀሁ ሰው፣ እሱ በየጊዜው የሚያወራልኝን አንዱንም ጉድጓድ አላየሁም። መኪናው ከተገኘ አብሬው እሄዳለሁ። ካልተገኘ እዚሁ ነኝ፣ ከሽሮዬ ጋር።

ጥር 3፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ደላላው ፋራህ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። ቀጭን ሰው፣ ሁለት ስልክ፣ አማርኛው ፈጣን። ሁሉንም ሰው ወላል ይላል፣ እኔንም፤ እህቴ ማለቱ ነው።

ኮፋኖው ተከፈተ። ከ.፣ ፋራህና የመኪናው ባለቤት ጭንቅላታቸውን ከተው ቀሩ። ምን እያያችሁ ነው? ሞተር። ሞተሩ ምን ሆኗል? ምንም። ታዲያ ምን ያቆማችኋል? ትቻቸው በኋላ በር ገባሁ። ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ መሃሉ ጠባብ። ጋደም አልኩ። ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ለአንዱም ካልተገላበጠ ነው። ፋራህ በሳቅ ፈረሰ። ስንት መኪና ሸጬ ተኝቶ የሚገዛ አላየሁም አለ። ሌላው ሊነዳው ነው የሚገዛው፣ እኔ ልተኛበት ነው አልኩት።

ባለቤቱ ዋጋ አልቀንስም ብሎ ሃርድቶፑ ቀረ። እኔ ግን አንድ ነገር ተማርኩ። ከትልቁ ማርሽ አጠገብ ትንሽ ማርሽ አለች። እሷ ስትገባ የፊት ጎማዎችም ይጎትታሉ፤ አለበለዚያ የሚገፉት የኋላዎቹ ብቻ ናቸው፣ አሸዋ ላይ የራሳቸውን ጉድጓድ ይቆፍራሉ። እኔ እስከ ዛሬ አራቱም የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር! ስንት ዓመት መኪና ተሳፍሬ።

ጥር 5፣ እሁድ

ቫን! ነጭ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። በቶጎጫሌ ድንበር በኩል የገባ ነው። ጎንበስ ብዬ ውስጡ ቆምኩ። ተኛሁ። ከ.ም አጠገቤ ተኛ። ፋራህ በጨዋ ደንብ ፊቱን ወደ መንገድ አዞረ። ለሁለታችን ይበቃል፣ በግርጌም ለቱቦው ቦታ ይተርፋል።

መሪው ግን በቀኝ ነው። ተንሸራታቹ በር ደግሞ በግራ። ከፍቼ ስወርድ መሃል አስፋልት! ባጃጅ ለጥቂት ሳተኝ፤ ባለባጃጁም እናቴን ሳይጠቅስ አላለፈም።

ለሙከራ በደገሀቡር መንገድ ወጣን። እንዴት ያለ ነገር ነው ደብተሬ! ሾፌሩ በቀኝ ስለተቀመጠ ከጭነት መኪና ኋላ ሲሆን ከፊቱ የሚመጣው አይታየውም። በግራ የተቀመጠው ሰው አይቶ ይነግረዋል። በግራ ያለሁት እኔ ነኝ። ከ. ይጠይቃል፦ ምን አለ? እኔ፦ ቆይ፣ ግመል። ቆይ፣ አውቶቡስ። አሁን! እየሳቅን ሄደን እየሳቅን ተመለስን። ከ. በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ መንገድ ጠይቆኝ አያውቅም።

ፋራህ ራሱ ግን አልወደደልንም። ሰሌዳ ለማውጣት መሪው ወደ ግራ መዞር አለበት፣ ያ ደግሞ ጣጣ ነው ይላል። ደላላ አትግዙ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከ. የሚለው፦ መሪው ባለበት ይቆይ። ለምን? ደስ ስላለኝ። ይህ መልስ ነው?

ጥር 6፣ ሰኞ

አሸዋ ላይ ሊሞከር ከከተማ ውጭ ደረቁ ወንዝ ወረድን። ከ. ትንሿን ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ። እኔ ሲሠራ ማየት ስለፈለግሁ ወርጄ ቆሜያለሁ። የኋላ ጎማዎች አሸዋ ይረጫሉ። የፊቶቹ ጸጥ። የፊቱ አይዞርም ብዬ ጮህኩ። ማርሹ ገብቷል አለኝ። ገብቷል አልገባም አላልኩም፣ አይዞርም ነው ያልኩት! ውረድና እይ! ፋራህን መሪው ላይ አስቀምጦ ወረደ። አየ።

ፋራህ ከሥር ገባ። ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ የለም። ተፈትቶ ተወስዷል። ምስኪን ፋራህ ወላሂ አላወቅሁም ብሎ ማለ፣ ለባለቤቱ ደወለ፣ በሶማሊኛ አወረደበት። ግማሹ ገብቶኛል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ስድብ የለንም።

እንግዲህ አበቃ አልኩ። ከ. ግን ቤት ስንደርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፦ እንገዛዋለን፣ ዘንጉን እኔ እፈልጋለሁ። ይህ ሰው ትንሽ የዛገ ቡሎን ካየ ሱቅ ድረስ ሄዶ የሚመልስ ነው! ምን ነክቶታል? ከመኪናው ይልቅ እሱን መመርመር አማረኝ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ረጅም ቀን። በሥርዓት ልጻፍ።

ፋራህ ሌላ ቫን አገኘ። ባለቤቷ አሚና፣ የግመል ወተት ነጋዴ፣ ቤቷ በባቢሌ መንገድ ነው። ሥራዋ ሰፍቶ የጭነት መኪና ልትገዛ ነው። መሪው በግራ፣ በር በሁለቱም ጎን። ዘንጉን ለማየት ዛሬ ከሥር የገባሁት እኔ ነኝ፤ ቀሚሴ አለቀለት። ዘንጉ አለ። አሸዋ ላይም አራቱም ቆፍረው እየተንፏቀቁ ወጡ። አጨበጨብኩ። ውስጡ የታጠነ የወተት ዕቃ ይሸታል። ይለቃል ወይ አልኳት። አልዋሽሽም፣ አይለቅም አለች። ይህቺን ሴት ወደድኳት።

መንገድ ላይ ሞክሩት ብላ ቁልፉን ሰጠችን። ከ. እየነዳ፣ እኔ በቀኝ። ፍየል የያዙ ሁለት ሴቶች እጅ አነሱና ቆምን፤ በዚህ አገር መኪና ያለው ሰው አልፎ አይሄድም። የሚሸጥ መሆኑን ሲሰሙ መመርመር ጀመሩ። አንዷ ወንበሩ ጥሩ ነው አለች፣ ሌላዋ ዋጋ አስቀንሱ አለች። ፍየሏም የበሩን ጎማ ቀመሰች።

ከዚያ ከጭነት መኪና ኋላ ገባን። ከ. ጠየቀኝ፦ ምን አለ?

በግራ ያለኸው አንተ ነህ አልኩት፣ ከእኔ በኩል ምን ይታያል?

አንገቱን እንደ ዶሮ ጠምዝዞ በቀኝ ዓይኑ ሊያይ ሞከረ። ተወው። እስከ ከተማ ድረስ ከጭነት መኪናው ኋላ ተጎተትን። ባጃጅ ሁሉ ቀደመን። ከኋላ አንዷ ሴት በሶማሊኛ፦ ሾፌሩ ታሟል እንዴ? አለች።

ያኔ ገባኝ። የግራ ዓይኑ አያይም። ቁልፉን ለአሚና የመለስኩት እኔ ነኝ።

ጥር 10፣ ዓርብ

ምሳ ላይ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ከደንኩና በሌላው እጄ ምን እንደያዝኩ ጠየቅሁት። መቀስ ነበር። ጭልፋ አለ።

ከዚያ ተናገረ። ከረመዳን ጀምሮ ነው። ሐረር መለዋወጫ ልገዛ ብሎ የሄደ ቀን ሐኪም ዘንድ ነበር። የሄደው አይመለስም፣ ጠብታውን ካላቋረጥክ ቀኙ ደህና ነው ተብሏል። ወሬው ከወጣ ማንም ለሥራ አይጠራኝም ብሎ ፈራ። መሪው በቀኝ ከሆነ ግን ሾፌር አጠገቡ የተቀመጠውን ቢጠይቅ ማንም ለምን አይልም። ለዚህ ነው ያን ጎዶሎ መኪና የሙጥኝ ያለው።

የፈራሁትን ጠየቅሁት፦ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ያልከኝ ለዓይንህ ነው?

አልዋሸም። መጀመሪያ አዎ አለ። እሁድ ዕለት ግን፣ በደገሀቡር መንገድ፣ ስንስቅ ዓይኔን ረስቼው ነበር አለኝ። ይታመናል? አንቺ ምን ትያለሽ? እኔ በጣም ተናድጃለሁ። አዝኛለሁም። ተነስቼ ማሽኔ ላይ ቁጭ አልኩና ሁለት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ጥር 11፣ ቅዳሜ

ከ. መኪናው ይቅር አለ። ሥራውንም እተዋለሁ፣ አንቺ ሱቅ ጥግ ተቀምጬ ትንንሽ ሞተር እጠግናለሁ። ከአዲጋላ ተደውሎ ነበር፣ ስልኩን አላነሳም። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ መንገዱን ሲያይ ዋለ።

ስንት ዓመት ቤት እንዲውል የለመንኩ እኔ ነኝ። ይኸው ዋለ። እንዲህ ሆኖ ግን አልፈልገውም። እኔም እኮ ልሄድ ነበር። የአዲጋላን አሮጌ ባቡር ጣቢያ በዓይኔ ላየው ነበር። ፓምፑ ሲነሳ ሰዉ እንዴት እንደሚጮህ በጆሮዬ ልሰማ ነበር። ንዴቱም አለ፣ ጉጉቱም አለ፤ ማንኛው እንደሚበልጥ እያየሁ ነው።

ጥር 13፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ጉጉቱ በለጠ።

ለፋራህ የደወልኩት እኔ ነኝ። የአሚናን እንወስዳለን፣ ሊብሬው በእኔ ስም። ከዚያ ሱቄን ዘግቼ መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ለልጅሽ ነው? አለችኝ። ለራሴ ነው። ቀና ብላ አየችኝና፣ ማሻአላህ ብላ ጻፈች። ፈቃዱ እስኪወጣ ቫኑ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ከ. እስከዚያ ቅርብ ቅርቡን በባጃጅ ይሠራል። አዲጋላ ያሉትንም ደውሎ እውነቱን ይነግራቸዋል። የሚጠግነው በእጁ ነው፣ ይጠሩታል።

ገብቼ ነገርኩት። የምነዳው እኔ ነኝ፣ አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ያልገባኝን ታሳየኛለህ። እንዲህ እንዳታታልለኝ ደግሞ፣ ሁለተኛ አልምርህም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን እግሬን አየና፦ እግርሽ ፍሪሲዮን ይደርሳል?

ደብተሬ፣ ይህን ሁሉ ቀን መኪና ስንመርጥ ጣሪያው በእሱ ቁመት ታየ፣ በሩ በፓምፑ ስፋት። ስለ እኔ እግር የጠየቀ ሰው የለም። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ፣ እንባዬን እንዳያይ።

አሁን ሜትሬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወደ አሚና ቫን ሄዶ ነበር። ከወንበሩ እስከ ፔዳሉ ለክቶ፣ ቁጥሩን በከንፈሩ እየደጋገመ ተመልሷል። እግርሽን ዘርጊ ይለኛል። ተንበርክኳል። አለካኩ ሁሉ ስህተት ነው፣ ሜትሩን ገልብጦ ይዞታል፣ ልብስ ሰፊ ፊት እንዲህ አይለካም ልለው እና

ቆይ፣ ልዘርጋለት